ሳይጠየቅ የሚፈረድበት ላፕቶፕ

ቆሰበር (እንጅባራ) ላይ አንድ ላፕቶፕ በራሱ ጊዜ እየጠፋ፣ ብሉ ስክሪን እያሳየ ወይም ሃንግ እያደረገ ካስቸገረ ፍርዱ ታውቆ ያደረ ነው፦ «ቫይረስ ገብቶበታል፤ ፎርማት ይደረግ።» የባሕር ዳሩን አስፋልት ተከትለው ከተደረደሩት ኮምፒውተር ቤቶች ወደ አንዱ ይዘውት ቢገቡ፣ ዳንግላ ወርደው ቢጠይቁ፣ አዲስ አበባ ላለ ወንድምዎ ቢደውሉ መልሱ ያው ነው። ላፕቶፑ መቼ እንደሚጠፋ፣ ምን ሲሠሩበት እንደሚጠፋ፣ ከመጥፋቱ በፊት ምን እንዳሳየ የሚጠይቅ የለም። ፍላሹ ይሰካል፣ ዊንዶውስ ይጫናል፣ ኦፊስ ይጫናል፣ ሒሳብ ይከፈላል። ሳምንት ሁለት ሳምንት ቆይቶ ላፕቶፑ እንደገና ይጠፋል። ያኔም «እንደገና ገብቶበታል» ይባላል እንጂ «ምናልባት መጀመሪያም ቫይረስ አልነበረ ይሆናል» የሚል ሰው አላጋጠመኝም።

ይህን ልማድ የቴክኒሻኖች ስንፍና ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ነገር ግን ልማዱ የቴክኒሻን ብቻ አይደለም፤ የመምህሩ፣ የተማሪው፣ የቢሮ ኃላፊው፣ የሁላችንም ነው። ቴክኒሻኑ ሳይናገር «ፎርማት አድርግልኝ» ብሎ የሚገባው ደንበኛው ራሱ ነው። እኔ ደግሞ የምለው ይህ ነው፤ ደጋግሞ የሚወድቅ ኮምፒውተር አንዴ ብቻ ከወደቀው ይልቅ ለምርመራ ይመቻል። መደጋገሙ ራሱ ምስክር ነው። በየትኛው ሰዓት፣ በየትኛው ሥራ ላይ፣ ቻርጀር ተሰክቶ ወይስ ተነቅሎ፣ ይህን ሁሉ ይናገራል። ፎርማት ግን ምስክሩን ከነመዝገቡ ያጠፋዋል፤ ጥፋተኛው የሃርድዌር ክፍል ደግሞ አንድም ሳይነካ በቦታው ይቀመጣል።

ለዚህ እምነት ፍትሐዊ ልሁን፤ ከሜዳ የበቀለ አይደለም። በነሐሴ 2003 እ.ኤ.አ. ብላስተር የተባለው ዎርም ዊንዶውስ ኤክስፒና ዊንዶውስ 2000 የተጫነባቸውን ማሽኖች ሲያጠቃ «ኮምፒውተሩ በ60 ሰከንድ ውስጥ ይዘጋል» የሚል መስኮት እየወጣ ቁልቁል ይቆጥር ነበር። በዓመቱ ሳሰር የተባለው ተከታዩ ተመሳሳይ ነገር አደረገ። በዚያ ዘመን ሥራውን የለመደ ሰው «በራሱ የሚጠፋ ኮምፒውተር ቫይረስ ያለበት ነው» ቢል እውነቱን ነበር። ያኔም ቢሆን ታዲያ መድኃኒቱ ፎርማት አልነበረም። ዊንዶውሱ የተከፈተ በር ስለነበረው፣ በሩን የሚዘጋው ማስተካከያ እስካልተጫነ ድረስ አዲስ የተጫነው ዊንዶውስ ኢንተርኔት ላይ በወጣ በደቂቃዎች ውስጥ መልሶ ይያዝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከሃያ ዓመት በላይ አልፏል። እምነቱ ግን ከኤክስፒ ጋር አብሮ ጡረታ አልወጣም።

የዛሬ ቫይረስ ጸሐፊ ኮምፒውተርዎ እንዲወድቅ አይፈልግም። የይለፍ ቃል የሚሰርቀውም፣ በማሽንዎ ጉልበት ክሪፕቶ የሚያመርተውም፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀውም ማሽኑ ነቅቶ እንዲቆይለት ነው የሚመኘው። በየፍላሹ የሚዞረው ሾርትከት ቫይረስ ፎልደሮችዎን ደብቆ ያናድድዎታል እንጂ ላፕቶፑን በየማታው አያጠፋውም። ከሥሩ የተቀበረ ቫይረስ ብሉ ስክሪን ያመጣባቸው ጊዜያት እንዳሉ አልክድም። ግን የመጀመሪያው ተጠርጣሪ የሚያደርገው ነገር የለም።

እንዲያውም በታሪክ ትልቁ የዊንዶውስ ውድቀት የመጣው ቫይረስ ተከላካይ ነኝ ከሚለው ወገን ነው። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ክራውድስትራይክ የተባለው የደህንነት ሶፍትዌር ኩባንያ የላከው አንድ የተበላሸ ፋይል ማይክሮሶፍት እንደገመተው 8.5 ሚሊዮን ያህል ኮምፒውተሮችን በአንድ ቀን ብሉ ስክሪን ላይ ጣለ። አየር መንገዶች በረራ ሰረዙ፣ ሆስፒታሎች ቀጠሮ አራዘሙ፣ ባንኮች ተስተጓጎሉ። መፍትሔው ምን ነበር? ማሽኑን በሴፍ ሞድ አስነስቶ ያን አንድ ፋይል ማጥፋት። ምክንያቱ ስለታወቀ አንድ ፋይል በቃ። እነዚያ ማሽኖች በዚያን ቀን እኛ ዘንድ ቢመጡ ኖሮ ስንት ሰው ንብረቱን በፎርማት ያጣ እንደነበር አስቡት።

«ግን እኮ ፎርማት ከተደረገ በኋላ ተሻለው!» ይህ የልማዱ ዋና ምሽግ ነው፤ ስለዚህ በጥሞና መመለስ አለበት። አዎ፣ ብዙ ጊዜ ለጥቂት ቀን ይሻለዋል። አዲስ የተጫነ ዊንዶውስ ባዶ ነው፤ ሲነሣ አብረው የሚነሡ አሥር ፕሮግራሞች የሉበትም፣ ስለዚህ ፕሮሰሰሩ አይግልም፣ ራሙም አይሞላም። ጉድለት ያለበት የራም ክፍል ሥራ ካልደረሰው ችግሩ አይታይም። ቴክኒሻኑ ሊሠራ ክዳኑን ከፍቶ ራሙን ነቅሎ መልሶ ሰክቶትም ይሆናል፤ ያ ብቻውን ደካማ ግንኙነትን ያስተካክላል፣ ምስጋናው ግን ለፎርማቱ ይሄዳል። ከዚህ ሁሉ በላይ፣ በሳምንት አንዴ የሚጠፋ ማሽን ምንም ባይደረግለትም ለሳምንት ሳይጠፋ ይቆያል። መዳኑን ለማወቅ ከሕመሙ ርቀት በላይ መጠበቅ ያስፈልጋል፤ እኛ ግን ሱቁ ውስጥ አንዴ ተከፍቶ ከታየ በኋላ «ድኗል» ብለን እንወስደዋለን።

የቆሰበር ሰው ለብቻው የያዘው ሌላ እምነትም አለ። «እዚህ ብርድ ነው፤ ላፕቶፕ አይሞቅም» የሚል። መተማ ወይም ሑመራ ያለ ሰው ቢሞቅበት ይገባናል፤ ከ2500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ጠዋት ጋቢ ደርበን በምንወጣበት ከተማ ግን ሙቀትን መጠርጠር ሞኝነት ይመስለናል። አንድ አንጋፋ መምህር «ቫይረሱ አልለቅ አለኝ» ብለው ላፕቶፓቸውን ሲያመጡልኝ ይህንኑ እምነት ይዘው ነበር። ፎርማት አስደርገው ሰልችቷቸዋል።

«ጋሼ፣ የሚጠፋብዎት መቼ መቼ ነው?»

«ምን ጊዜ አለው ብለህ ነው፤ ሲፈልገው ነዋ።»

«ፈተና ሲያወጡበት ጠፍቶብዎት ያውቃል?»

ትንሽ አሰቡ። «እሱስ… ትምህርት ቤት ጠፍቶብኝ አያውቅም። ማታ ነው፤ ልጆቹ ፊልም ሲያዩበት።»

«የት አስቀምጠው ነው የሚያዩት?»

«አልጋ ላይ ነዋ! በዚህ ብርድ የት ሊቀመጡ ኖሯል?»

ምርመራው እዚያ ላይ ሊያልቅ ምንም አልቀረውም። ላፕቶፕ አየር የሚስበው በአብዛኛው ከሆዱ ሥር ነው፤ ብርድ ልብስ ላይ ሲቀመጥ አፉ ታፈነ ማለት ነው። የጀርባውን ብሎኖች ፈትቼ ክዳኑን ሳነሣ በፋኑና ሙቀት በሚያስወጡት ቀጫጭን የብረት ቅጠሎች መካከል አቧራና የብርድ ልብስ ቃጫ ተደራርቦ ግራጫ ንጣፍ ሠርቷል፤ በጣት ሲያነሡት ሳይቆረጥ ይወጣል። ፋኑ ይዞራል፣ ድምፁም ይሰማል፣ ነገር ግን ነፋሱ የሚወጣበት ቀዳዳ የለም። ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀባው ተርማል ፔስትም ደርቆ ይፈረፈራል። ፋኑ እንዳይሽከረከር በጣት ይዤ በለስላሳ ብሩሽ ጠረግሁት፣ ፔስቱን ቀየርሁት። ቫይረሱ ያው ነበር።

ብርዱስ? ብርዱ ይረዳል፤ ግን ሰዎች የሚያስቡትን ያህል አይደለም። ብዙዎቹ የላፕቶፕ ፕሮሰሰሮች ወደ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጉ ፍጥነታቸውን ይቀንሳሉ፤ ያም ካልበቃቸው እንዳይቃጠሉ ማሽኑን ያጠፉታል። የእኛ ክፍል ከመተማው በ15 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ ጥቅሙ ያው 15 ዲግሪ ነው፤ የታፈነ ፋን ይህን በደቂቃዎች ውስጥ ይበላዋል። ደግሞም ከፍታ የራሱን ዋጋ ያስከፍላል። በ2500 ሜትር ላይ ያለው አየር ባሕር ወለል ላይ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ፋኑ እኩል ቢዞርም የሚገፋው አየር ያነሰ ነው። ብዙ አምራቾች ላፕቶፕ በሥራ ላይ እስከ 3048 ሜትር ድረስ ይችላል ብለው ይጽፋሉ፤ ስለዚህ ቆሰበር ከገደቡ ውስጥ ናት፣ ግን ወደ ጣሪያው ቀረብ ብላ። እንዲህ ባለ ቦታ የአቧራ ጽዳት ከሌላው ይበልጥ ያስፈልጋል እንጂ አያንስም። በበጋ የመንገድ አቧራ አለ፤ ዓመቱን ሙሉ ደግሞ ከምድጃው የሚነሣው የከሰል አመድ አለ። ዲከረንስ የተባለውን ዛፍ ተክሎ ከሰል አክስሎ አዲስ አበባ ድረስ በሚልከው አዊ ዞን ውስጥ አመድ ብርቅ አይደለም።

ስለ መብራትም እንዲሁ የተሳሳተ ነገር ይዘናል። «መብራቱ ከፍ ዝቅ እያለ ነው የሚያጠፋው» ብለው ለላፕቶፕ ስታቢላይዘር የሚገዙ አሉ። የቻርጀርዎን ጀርባ ያንብቡ፤ መግቢያው ከ100 እስከ 240 ቮልት ይላል። ማለትም 220 ቮልት የሚባለው የቤታችን መብራት ወደ 150 ቢወርድም ቻርጀሩ ሥራውን ይሠራል። መብራት ሄዶ በኃይል ሲመለስ የሚፈጠረው ድንገተኛ ከፍታ ቻርጀር ሊያቃጥል ይችላል፤ ያን ጊዜ መንቀል ብልህነት ነው። ነገር ግን መብራት በሄደ ቁጥር አብሮ የሚጠፋ ላፕቶፕ ካለዎት ጥፋቱ የመብራቱ አይደለም። ላፕቶፕ ባትሪ ያለው ለዚህ ነው። ባትሪው ሞቷል፤ እርስዎ ሳያውቁት ላፕቶፑን እንደ ዴስክቶፕ እየተጠቀሙበት ነው። ሙከራው ምንም አያስወጣም፦ ቻርጀሩን ነቅለው በባትሪ ብቻ ይሥሩበት፣ ከዚያ ሰክተው ይሥሩበት። በአንደኛው ብቻ የሚጠፋ ከሆነ ጥያቄው በግማሽ አለቀ።

የቻርጀሩን መውጫም ያንብቡ። ከዱባይ የመጣ ዩዝድ ላፕቶፕ ስንገዛ አብሮ የሚሰጠን ቻርጀር ብዙ ጊዜ የራሱ አይደለም። ሶኬቱ ስለገባለት ብቻ «ይሠራል» እንላለን። 90 ዋት የሚፈልግ ማሽን 45 ዋት ሲሰጡት ቀላል ሥራ ላይ ዝም ይላል፤ ከባድ ሥራ ሲጀምር ጉድለቱን ከባትሪው ይበደራል፣ ባትሪው ከሞተ ደግሞ ድርግም ይላል። ዴሎች በሶኬቱ መካከል ባለችው ቀጭን መርፌ አማካይነት ቻርጀሩን ያነጋግሩታል፤ ካላወቁት ባትሪ አይሞሉም፣ ፕሮሰሰሩንም ያዘገዩታል። «ፎርማት ካደረግሁት ወዲህ ቀርፋፋ ሆነ» ከሚሉት ሰዎች መካከል መርፌዋ የተሰበረባቸው አይጠፉም።

ራም ሌላው የተረሳ ጥፋተኛ ነው። የተበላሸ ራም ተንኮለኛ ነው፤ ዛሬ ዎርድ ላይ፣ ነገ ክሮም ላይ፣ ከነገ ወዲያ ምንም ሳይነካ ይጥልዎታል፣ የሚያወጣው የስህተት ስምም ይለዋወጣል። መለዋወጡ ሰውን «ቫይረስ ነው» ያሰኘዋል፤ ለሚያውቅ ሰው ግን መለዋወጡ ራሱ ወደ ራም የሚጠቁም ጣት ነው። ሦስት የማይክሮሶፍት ተመራማሪዎች በ2011 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት አንድ ሚሊዮን ያህል የግል ኮምፒውተሮችን የውድቀት መዝገብ መርምሮ ነበር። ያገኙት ነገር ለክርክሬ ቁልፍ ነው፦ በሃርድዌር ጉድለት አንዴ የወደቀ ማሽን ሁለተኛ የመውደቅ ዕድሉ እስከ መቶ እጥፍ ይጨምራል። ደጋግሞ የሚወድቅ ላፕቶፕ ባየን ቁጥር ሃርድዌሩን ከጥርጣሬ ዝርዝር አናት ላይ ማስቀመጥ እንጂ ከዝርዝሩ መሰረዝ የለብንም።

የአዊ ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። የፈረሰኞች ማኅበሩ ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ የኖረ፣ በየዓመቱ ጥር 23 ፈረሱን አስጊጦ የሚወጣ ሕዝብ ነው። ፈረስ ሲያነክስ እግሩ ተነሥቶ ኮቴው ይታያል፣ ጠጠር ይፈለጋል፣ ጅማቱ ይዳሰሳል። ኮርቻ ቀይሮ «አሁን ይሮጣል» የሚል ፈረሰኛ እንጅባራ ሜዳ ላይ ቢገኝ መሳቂያ ይሆናል። በላፕቶፕ ላይ የምናደርገው ግን ኮርቻ መቀየር ነው።

ደግሞም ማሽኑ ራሱ ይናገራል፤ የምናዳምጠው ጠፋ እንጂ። ብሉ ስክሪን ሲመጣ ከግርጌው ላይ የስህተቱ ስም ተጽፏል። (በአዲሶቹ የዊንዶውስ 11 ዕትሞች ሰማያዊነቱ ቀርቶ ጥቁር ሆኗል፤ ስሙ ግን አሁንም አለ።) ማሽኑ ቶሎ ሪስታርት ስለሚያደርግ በስልክ ፎቶ ማንሣት ይበጃል። ስሙ ሁልጊዜ አንድ ከሆነና አጠገቡ የፋይል ስም ካለ ብዙውን ጊዜ ድራይቨር ነው። «ቪዲዮ ቲዲአር» የሚል ከሆነ የስክሪን ካርዱ ወይም የእርሱ ድራይቨር ነው። «ዊያ» የሚል ቃል የያዘ ስህተት ሃርድዌር ራሱ የላከው አቤቱታ ነው፤ እዚህ ላይ ፎርማት ማድረግ አቤቱታውን ቀዶ መጣል ነው። ምንም ሰማያዊ ሳይታይ ድርግም የሚል ማሽን ደግሞ ወደ ሙቀት፣ ወደ ባትሪና ወደ ቻርጀር ይጠቁማል።

ዊንዶውስ መፈለጊያው ላይ «ሪላያቢሊቲ» ብለው ቢጽፉ በቀን በቀን የተደረደረ ሠንጠረዥ ይከፈትልዎታል፤ የወደቀባቸው ቀናት ቀይ ምልክት አላቸው። ቀዩ የጀመረው አንድ ፕሮግራም በተጫነ ማግሥት ከሆነ ተጠርጣሪው ተያዘ። ኢቨንት ቪወር ውስጥ ደግሞ «ከርነል ፓወር 41» የሚል መስመር ያገኛሉ። በዚህ መስመር ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ «ፓወር» የሚል ስላየ ማሽኑን የጣለው የኃይል ችግር መሆኑ የተረጋገጠ ይመስለዋል። መስመሩ የሚለው «ሳልዘጋጅ ጠፋሁ» ብቻ ነው። አብሮት ያለው የስህተት ቁጥር ዜሮ ከሆነ ግን ዊንዶውሱ ሊመዘግብ እንኳ ፋታ አላገኘም ማለት ነው፤ ያኔ ኤሌክትሪክ ተቋርጦበታል፣ ሙቀት ቆርጦታል፣ ወይም ደርቆ ቀርቶ ሰው ቁልፉን ተጭኖ አጥፍቶታል። በፎርማት የሚጠፋው ይህ ሁሉ መዝገብ ነው።

የሶፍትዌር ጥፋት የለም እያልኩ አይደለም። ማይክሮሶፍት ከተጠቃሚዎች ሰብስቦ ከተነተናቸው ውድቀቶች ውስጥ 70 ከመቶ ያህሉ ሌሎች ኩባንያዎች በጻፏቸው ድራይቨሮች የመጡ እንደነበሩ «ዊንዶውስ ኢንተርናልስ» የተባለው መጽሐፍ ጽፏል። «ታዲያ ፎርማት ድራይቨሩን ያጠፋው የለ?» የሚል ይኖራል። ያጠፋዋል፤ ከዚያ ምን ይተካል? ቴክኒሻኑ በፍላሽ ከያዘው የድራይቨር ጥቅል ውስጥ ለሁሉም ማሽን የሚሆን የሚመስል ድራይቨር። አምራቹ ለዚያ ሞዴል ያወጣው ትክክለኛ ድራይቨር ተነሥቶ ግምታዊው ይገባል። ከፎርማት በፊት በወር አንዴ የነበረው ብሉ ስክሪን በሳምንት አንዴ የሚሆነው አንዳንዴ በዚህ ነው። ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ካበቃ ወዲህ ደግሞ «ፎርማት ካደረግነው አይቀር 11ን እንጫንበት» የሚል ነገር መጥቷል። ማይክሮሶፍት ለ11 ብቁ አይደሉም ባላቸው አሮጌ ማሽኖች ላይ መፈተሻውን ዘሎ መጫን ይቻላል፤ ግን ብዙዎቹ አምራቾች ለእነዚያ ሞዴሎች የ11 ድራይቨር አላወጡም። መድኃኒቱ በሽታ ይዞ መጣ።

ለፎርማት የተዘጋጀው ፍላሽ ለፍርድ ሊያገለግል እንደሚችልም ልናገር። ኡቡንቱ ሊነክስን ፍላሽ ላይ አድርገው ሳይጭኑ ማስነሣት ይቻላል፤ በዲስኩ ላይ ምንም አይነካም። ላፕቶፑን በእርሱ አስነሥተው አንድ ሰዓት ቪዲዮ ያጫውቱበት። እዚያም ከጠፋ ዊንዶውስ ነፃ ወጣ፣ ቫይረሱም ነፃ ወጣ። ሜምቴስት 86 የተባለውንም በፍላሽ አስነሥተው ማታ ትተውት ቢተኙ፣ ራሙ የተበላሸ ከሆነ ጠዋት ቀይ መስመሮች ይጠብቁዎታል። ሁለት ራም ካለው አንዱን ነቅሎ በሌላው ብቻ መሞከር፣ ጫፉን በላጲስ ቀስ ብሎ ማጽዳት፣ ረጅም በሆነው የአዊ ክረምት እርጥበት ያበላሸውን ግንኙነት አንዳንዴ ይመልሳል። ይህ ሁሉ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል።

አሁን ወደ ቴክኒሻኑ ልመለስ፤ ጥፋቱን ሁሉ በእርሱ ላይ መጫን ፍትሕ አይደለምና። ፎርማት ዋጋው የታወቀ ሥራ ነው። ምርመራ ግን ገበያችን ላይ ዋጋ የለውም። ልጁ ማሽኑን አሳድሮ ራሙን ፈትሾ «ይቺ ናት፣ አውጥቼልዎታለሁ» ቢል ደንበኛው «ምን ጫንክበት?» ብሎ ይጠይቃል። ምንም ካልተጫነ መክፈል የተዘረፈ ያህል ይሰማዋል። ስለዚህ ብልህ የሆነ ልጅ ምክንያቱን ቢያውቅ እንኳ ፎርማት አድርጎ ያስከፍላል። የሰው ዕውቀት ከማይከፈልበት ገበያ ሌላ ምን ይጠበቃል? ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች ውስጥ ሃርድዌር የተማሩ ልጆች ዊንዶውስ ጫኝ ሆነው የቀሩት ችሎታ ስለሌላቸው ብቻ አይደለም፤ ችሎታቸውን የሚገዛ ስላጡ ነው።

የዚህ ሁሉ ዋጋ የሚከፈለው በጊዜ ብቻ አይደለም። የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲ ተመራቂ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉ፣ የወረዳ ባለሙያ የዓመት ሪፖርቱ፣ መምህር ለዓመታት ያጠራቀማቸው ፈተናዎች በአንድ ላፕቶፕ ላይ ናቸው። ውጭ ያሉ ሰዎች «ክላውድ ላይ አስቀምጡ» ይላሉ። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ሲቆይ ያ ምክር ምን እንደሚያወጣ አይተናል። «ዲን አልነካም፣ ሲን ብቻ ነው የማደርገው» የሚለው ማጽናኛም አያጽናናም፤ ዴስክቶፕና ዶክመንት ያለው ሲ ላይ ነው፣ ብዙ ሰው የሚያስቀምጠውም እዚያ ነው። ችግሩ ሃርድ ዲስኩ እየሞተ መሆኑ ከሆነ ደግሞ ፎርማት ሰባራ እግር ላይ ሸክም መጨመር ነው፤ ዲስኩ በቀረችው ዕድሜ ፋይልዎ ሊወጣ ሲገባው አዲስ ዊንዶውስ ይጻፍበታል። የዲስክን ጤና የሚያሳየው ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የተባለው ነፃ ፕሮግራም ቢጫ ወይም ቀይ ካሳየ መጀመሪያ የሚነሣው ፋይል ነው፤ ዊንዶውስ ይደርሳል።

ፎርማት ተገቢ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ቫይረስ መኖሩ በማስረጃ ሲረጋገጥና አልወጣ ሲል፣ ዲስክ ሲቀየር፣ ሃርድዌሩ ተፈትሾ ንጹሕ ከሆነና የዊንዶውሱ ፋይሎች በሌላ መንገድ አልጠገን ካሉ ፎርማት ይደረግ፤ አልቃወምም። የምቃወመው ከጥያቄ በፊት የሚመጣውን ፎርማት ነው።

ለአንባቢ የምለምነው ሁለት ነገር ነው። ቴክኒሻኑን «ፎርማት አድርግልኝ» አይበሉት፤ «ለምን እንደሚጠፋ ፈልግልኝ፣ የፍለጋህን እከፍልሃለሁ» ይበሉት፣ ከዚያም ምንም ባይጭንበት እንኳ ይክፈሉት። ፎርማት የግድ ነው ከተባለ ደግሞ ፍላሽዎን ይዘው ይሂዱ፤ ሲ ላይ፣ ዊንዶውስ የሚለው ፎልደር ውስጥ፣ ሚኒደምፕ የሚባል ፎልደር አለ። ብሉ ስክሪን በመጣ ቁጥር ዊንዶውስ ምክንያቱን የሚያስቀምጥባቸው ፋይሎች እዚያ ናቸው። እያንዳንዳቸው በስልክ ከሚነሣ ፎቶ ብዙም አይበልጡም። ፎርማቱ ከመጀመሩ በፊት እነርሱን ኮፒ ያስደርጉ።